ያልበላነው ነገር ደማችን ውስጥ እንዴት ተገኘ? ስለ አቧራ ተባይ፣ ስለ ዓሣ ትልና ስለ አንድ የምርመራ ወረቀት

ባለፈው ክረምት እህቴ አንድ ወረቀት ፎቶ አንስታ በዋትሳፕ ላከችልኝ። የስድስት ዓመት ልጇ የደም ምርመራ ውጤት ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት አፍንጫው ይታፈናል፣ ጠዋት ሲነሳ በተከታታይ ያስነጥሰዋል፣ ክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት። ወረቀቱ ላይ ከረጅሙ ዝርዝር መሃል ሦስት መስመሮች የመደመር ምልክት ተደርጎባቸዋል፦ የአቧራ ተባይ፣ ሽሪምፕ እና አኒሳኪስ የሚባል የዓሣ ትል። ከግርጌ ደግሞ በእስክሪብቶ፣ በዕብራይስጥ፣ «ከዓሣ ይከልከል» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈው ማን እንደሆነ እህቴ ስትጠይቅ «ውጤቱ ሐዩቪ ነው» ከማለት ሌላ ማብራሪያ አላገኘችም።

ሮቫ ቫቭ ቤቷ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ዓሣው አልነበረም። «ሽሪምፕ እኮ ቤታችን ገብቶ አያውቅም» አለችኝ። «እንኳን እኛ፣ አያቶቻችንም ጎንደር እያሉ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልነኩም። ታዲያ ልጄ ደም ውስጥ ከየት መጣ?» እናቴ ከጎን ሆና «አንተ አይደለህ እንዴ የምትማረው፣ ንገራት» አለች። በዚያች ሰዓት የምነግራት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኳቸውን ጥናቶች ነው እዚህ የምተቻቸው። አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው፤ ስለ እኛ ሲናገሩ ግን የሚጎድላቸው ነገር አለ።

መጀመሪያ ሦስቱን ተከሳሾች እናስተዋውቅ። የአቧራ ተባይ፣ በዕብራይስጥ አካሪት የምንላት፣ በዓይን የማትታይ የመዥገር ዘመድ ናት። ፍራሽ፣ ትራስና ምንጣፍ ውስጥ ትኖራለች፣ የምትበላው ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፍት ነው። ውሃ አትጠጣም፤ ከአየሩ እርጥበት ትስባለች። ስለዚህ እንደ አሽዶድ ያለ የባሕር ዳር ከተማ፣ በተለይ በክረምት ትሪሱ ተዘግቶ ግድግዳው ዖቬሽ የሚያወጣበት ቤት፣ ይመቻታል። አኒሳኪስ ደግሞ የባሕር ትል ነው። ጎልማሳው በዓሣ ነባሪና በመሰሎቹ ሆድ ውስጥ ይኖራል፣ እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ከትንንሽ የባሕር ፍጥረታት አልፎ ዓሣ ውስጥ ይገባል። ሰው ዓሣውን ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከበላው ትሉ ሆድ ውስጥ ችግር ይፈጥራል። ሽሪምፕን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ተከልክሏል።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ትሮፖማዮሲን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። የአከርካሪ አጥንት የሌላቸው ፍጥረታት ሁሉ አላቸው፤ ተባዩም፣ በረሮውም፣ ሽሪምፑም፣ ትሉም። በሽሪምፕና በአቧራ ተባይ መካከል ያለው መመሳሰል ከ75 እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። የልጁ ሰውነት አንዱን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል (ለአለርጂ የሚሠራው ዓይነት አይ ጂ ኢ ይባላል) ሌላውን ሲያገኝ ያው የሚያውቀው ጠላት ይመስለውና ይይዘዋል። ይህ ተሻጋሪ ምላሽ ይባላል። ልብ በሉ፣ ዓሣው ራሱ እዚህ ክስ ውስጥ የለም። እውነተኛ የዓሣ አለርጂ በአብዛኛው የሚነሳው ፓርቫልቡሚን ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ በልጁ ወረቀት ላይ ደግሞ የዓሣዎቹ መስመሮች ሁሉ ባዶ ነበሩ። «ከዓሣ ይከልከል» ብሎ የጻፈው ሰው ትሉን አይቶ ዓሣውን ፈረደበት።

የእህቴ ጥያቄ፣ «ያልበላነው ከየት መጣ» የሚለው፣ እዚሁ አገር በጥናት ተጠይቆ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 አቭነር ረሸፍና አሜሪካዊው ሳሙኤል ሌረር ያሉበት ቡድን የካሽሩትን ሕግ የሚጠብቁ ዘጠኝ አይሁድን ደም መረመረ። እነዚህ ሰዎች ሽሪምፕ በልተው አያውቁም፣ የቆዳ ምርመራቸው ግን ለሽሪምፕ ምላሽ ይሰጣል። ሁሉም ለአቧራ ተባይ ምላሽ ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ የደማቸውን ፀረ እንግዳ አካል ቀድመው ከተባይ ፕሮቲን ጋር ሲያገናኙት ለሽሪምፕ የሚተርፍ ጉልበት እያጣ ሄደ። ማለትም ፀረ እንግዳ አካሉ ሽሪምፕን የያዘው በመመሳሰል ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ለፍራሹ ነዋሪ ነበር።

ይህን ጥናት ሳነብ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ቀናሁበት። ላብራቶሪ ውስጥ «ዕድሜ ልኩን ሽሪምፕ ያልበላ ሕዝብ» መፍጠር አይቻልም፣ ኦሪት ግን ፈጥሮላቸው ቆየ። ድካሙም ግልጽ ነው። ዘጠኝ ሰው ጥያቄ ለመክፈት ይበቃል፤ ከዚያ አልፎ ስለ ሕዝብ ለመናገር አይበቃም። ደግሞም ማንም ሽሪምፕ አብልቶ አልሞከራቸውም፣ ሊሞክርም አይችልም፤ ስለዚህ ቢበሉ ይታመሙ እንደነበር አናውቅም። የሚገርመው ይህ ድካም ለእኛ ዋናው ትምህርት መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ምልክት ያላቸው፣ ታመው የማያውቁ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

በልጆች ላይ፣ በተለይ በትሉና በተባዩ መካከል፣ የተሠራው የጣሊያኑ የበርናርዲኒ ቡድን ጥናት ነው፣ በ2005 የወጣው። ከአራት ዓመት በፊት የስዊድን ተመራማሪዎች የአኒሳኪስና የተለያዩ የአቧራ ተባዮች ፕሮቲኖች እንደሚምታቱ አሳይተው ነበር። ጣሊያኖቹ ይህንኑ በልጆች ደም አዩት፣ የአኒሳኪሱ ምላሽ ከተባዩ ሊመነጭ እንደሚችልም ጠቆሙ። ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዚህ መስክ የሚወጡ የአውሮፓ ጥናቶችን ስታነቡ ቤተሰቡ የሚጠየቀው ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ ዓሣ ስንት ጊዜ ትበላላችሁ? ጥሬ ነው የበሰለ? ለማድሪድና ለፍሎረንስ ልጅ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ልጆች ሌላም ጥያቄ አለ፤ ልጁ የት ተወለደ፣ ወስፋት ይዞት ያውቃል ወይ?

ወስፋትም ትሮፖማዮሲን አለው። ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ካርታኼና ከተማ፣ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የወስፋቱና የተባዩ ፀረ እንግዳ አካላት እንዴት እንደሚምታቱ በደንብ አሳይተዋል። የዚምባብዌ ታካሚዎች ደም የተመረመረበት የ2003 ጥናትም አለ። አውሮፓ ውስጥ ለአቧራ ተባይ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች የተባዩን ትሮፖማዮሲን የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዚምባብዌ ላይ ግን ብዙዎች ሆነው ተገኙ። ትል በሚበዛበት አገር ያደገ ሰውነት ይህን ፕሮቲን ከሌላ በር ተዋውቆት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሮቫ ቫቭ ልመልሳችሁ። የእህቴ ልጅ እዚህ አሽዶድ ተወለደ። የአጎቴ ልጅ ጎንደር፣ ወደ እስራኤል መምጣት ሲጠብቁ በኖሩበት ዓመታት ተወልዳ፣ በሰባት ዓመቷ መጣች። ሁለቱ በአንድ ፎቅ ያድራሉ፣ አንድ ኩፓት ሆሊም ይሄዳሉ። ነገ ሁለቱም «አኒሳኪስ +» የሚል ወረቀት ቢሰጣቸው ምልክቱ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት ሊሆን ይችላል። የእሱ ከፍራሹ፣ የእሷ ከወስፋቱ፣ ወይም ከሁለቱም። የትኛውም ዓሣ ውስጥ ያለ ትል አላገኛቸው ይሆናል። ወረቀቱ ይህን አይለይም፣ የሚለየው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ደቂቃ ነው ያለው። አንዳንዴም አስተርጓሚ የለውም።

ከኢትዮጵያ የወጡት ጥናቶች ይህን ነገር ገና ድሮ ነግረውን ነበር። በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት፣ የማነብርሃንና በቀለ ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ጠየቀ። አስም ገጠር ውስጥ ብርቅ ነበር፣ ከተማው ውስጥ ከፍ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላው ውጤት ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ቆዳው ለአቧራ ተባይ ምላሽ የሰጠ ሰው አስም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ ገጠር ውስጥ ግን ይህ ዝምድና አልታየም። ያው መርፌ፣ ያው እብጠት፣ ክንዱ የማን እንደሆነ ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። በ2001 ደግሞ ያው የምርምር መስመር መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨቱ ዕድል ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ ቤታቸው ብዙ የተባይ ብናኝ ያለባቸው ደግሞ ከፍ ያለ እንደሆነ አገኘ። (ትል እንዋጥ ማለቴ አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ ለአስም ታካሚዎች መንጠቆ ትል ሰጥተው ሞክረውታል፣ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። አያቶቻችንም ኮሶ የሚጠጡት ትሉን ወደው አልነበረም።)

ከዚህ ከአሽዶድ ብዙም በማይርቀው በረሖቮት ካፕላን ሆስፒታል የጽቪ ቤንትዊች ቡድን በ1990ዎቹ የሠራውም አለ። አዲስ የመጡ ኢትዮጵያውያን ደም ተመርምሮ፣ በአንጀት ትሎች ምክንያት የመከላከያ ሥርዓታቸው ያለማቋረጥ የነቃና በዚያውም የደከመ ሆኖ ተገኘ፤ ትሉ ሲታከም መሻሻል ታየ። በ2000 የወጣው ጽሑፋቸው ጠንካራ ሳይንስ ነው፣ ዛሬም ይጠቀሳል። ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች የእናቴ ዕድሜ እኩዮች ናቸው። ምናልባት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደማቸው ስለ ክትባት፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ብዙ አስተምሯል፣ ትምህርቱ ግን ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ «የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጅ የአለርጂ ውጤት ሲነበብ የትል ታሪኩን ጠይቁ» በሚል አንድ መስመር እንኳ ሲመለስ አላየሁም። ይህን ለመክሰስ አልጻፍኩትም። በ1996 የለገስነው ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር የተሰማ ጊዜ ወላጆቻችን ኢየሩሳሌም ወጥተው የጮኹትን ጩኸት እኛ ተወልደን አልሰማነውም፣ ቤት ውስጥ ግን አለ። እናቴ ስለ ደም ውጤት ሐኪም የማትጠይቀው ለዚህ ይሁን ለሌላ አላውቅም። ዝም ትላለች፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባለች።

ቋንቋው ራሱ አንድ ትልቅ ችግር ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ሐዩቪ» የሚለው ቃል ሮቫ ቫቭ ያለ አንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ጆሮ ያገኛል። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚያውቀው ለምስጋና ነው፤ መምህርቷ ሐዩቪ ስትል ደስ ይለዋል። እህቴ ወደ አማርኛ መልሳ ለእናታችን «ፖዘቲቭ ነው» አለቻት። እናቴ ደነገጠች። በአማርኛ «ፖዘቲቭ ነው» ሲባል ለእሷ ትውልድ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፣ ኤች አይ ቪ። ላብራቶሪው ደግሞ ማለት የፈለገው ከሁለቱም ያነሰ ነገር ነው፦ ደሙ ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ዕብራይስጡም ራሱ አይረዳም፤ «ሬጊሹት» የሚለው ቃል ለፀረ እንግዳ አካሉ መኖርም፣ በልቶ ለመታመምም ያገለግላል። ሁለቱ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። እኔ በአማርኛ «ደሙ ምላሽ ሰጥቷል» እና «ሲበላ ያመዋል» ብለን እንድንለያቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። የተሻለ ያለው ይጻፍልኝ፣ በተለይ ከእናንተ ነርስ የምትማሩ።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ መሳሳት እንዳይመጣ። አኒሳኪስ ተረት አይደለም። ስፔን ውስጥ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ጥሬ አንቾቪ በልተው ሰውነታቸው የተነፋ፣ ትንፋሻቸው የተዘጋ፣ ሆስፒታል የገቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ለዚህም ነው የአውሮፓ ሕግ ጥሬውን የሚበላ የባሕር ዓሣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ የሚያዘው። በረዶና እሳት ትሉን ይገድሉታል፤ አንዳንዶቹ ፕሮቲኖቹ ግን ሙቀት ይችላሉ። ስለዚህ ዓሣ በበላ በሰዓታት ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ገላው ሽፍታ የሚሞላ ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እቤት አትቆዩ። እዚህ የምተቸው ምልክት የሌለበትን ልጅ በወረቀት ብቻ ከምግብ መከልከልን ነው።

የሚለይ ምርመራም አለ። አኒ ኤስ 1 የሚባለው ፕሮቲን የትሉ የግሉ ነው፣ ተባዩ የለውም። አኒ ኤስ 3 ደግሞ ያ የጋራው ትሮፖማዮሲን ነው። ዛሬ በጥቂት ጠብታ ደም ከመቶ በላይ ፕሮቲኖችን ለየብቻ የሚመረምሩ ቺፖች ሁለቱን ለይተው ያሳያሉ። አኒ ኤስ 1 ባዶ ሆኖ አኒ ኤስ 3 እና የተባዩ ደር ፒ 10 ከታዩ ጣት የሚቀሰረው ወደ ዓሣው ሳህን አይሆንም። የእህቴ ልጅ የተሰጠው ትሉ በሙሉ ተፈጭቶ የሚመረመርበት የድሮው ዓይነት ነበር፣ እሱ ይህን አይለይም።

ሳህኑን ደግሞ እንየው። እህቴ ዓርብ ዓርብ የምትሠራው ሕራይሜ ነው፣ ከሞሮኳዊት ጎረቤቷ የተማረችው፣ እሷ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምራበት የእኛ አድርጋዋለች። ዓሣው አንዳንዴ አምኖን፣ አንዳንዴ የቀዘቀዘ የናይል ፐርች ነው። ሁለቱም የጣፋጭ ውሃ ዓሣዎች ናቸው፤ አኒሳኪስ የባሕር ትል ነው። ጣና ሐይቅም ቢሆን በዓሣዎቹ ውስጥ የተመዘገበው ኮንትራሴከም የሚባል ዘመዱ ነው፣ እሱም የሚያድገው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። ታማኝ ለመሆን ያህል፣ ልጁ ትምህርት ቤት የቱና ሳንድዊች ይወስዳል፣ ቱና ደግሞ የባሕር ዓሣ ነው። ስለዚህ ከትሉ ፕሮቲን ጋር ጨርሶ አልተገናኘም ብዬ አልምልም። ግን ያንን ቱና ለዓመታት በልቶ አንድ ቀን እንኳ አላሳከከውም፤ ይህን እህቴ በሐኪሙ ፊት ለመናገር ማንም ዕድል አልሰጣትም።

እነዚህን ሁሉ ጥናቶች አንድ ላይ ሳያቸው ሁሉም የየራሳቸውን ሥራ በአግባቡ የሠሩ ናቸው። ሽሪምፕ ያልበሉት አይሁድ አንድ መጽሔት ላይ፣ ትል ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ሌላ መጽሔት ላይ፣ የጣሊያን ልጆች ሦስተኛው ላይ። ሽሪምፕ የማይበላም፣ ከትል አገር የመጣም፣ በእርጥብ የባሕር ዳር ከተማ የሚያድግም ልጅ ግን በአንዱም ውስጥ አላገኘሁትም። ያ ልጅ የእኛ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይኸው፤ እኔ በሌላ ርዕስ ተጠምጃለሁ እንጂ አላሳልፈውም ነበር።

ለእህቴ የነገርኳት እንግዲህ አጭር ነበር። ዓሣውን በራስሽ ፈቃድ አትመልሺው፣ በራስሽ ፈቃድም አታቋርጪው፣ የአለርጂ ሐኪም ቀጠሮ ያዢ። አንሶላና ትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ እጠቢ፣ ፍራሹን የተባይ መከላከያ ሽፋን አልብሽው፣ ትሪሱን ክፈቺ። ለሐኪሙ የምትጠይቂውንም ጻፊው። ቁጭ ብለን በዕብራይስጥ ሦስት መስመር ጻፍን፦ አኒ ኤስ 1 ተመርምሯል ወይ? የዓሣዎቹ ውጤት ባዶ ከሆነ ለምን ይከለከላል? የበላውን ዓሣ ሁሉ ልዘርዝርልዎት?

ቀጠሮው የተያዘው ለሁለት ወር ተኩል ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ የጠየቀችው «ዓሣ ሲበላ ምን ይሆናል?» ብላ ነው። እህቴ «ምንም» አለች። ዓሣው እንዲመለስ ፈቀደች፣ ለአቧራው የአፍንጫ መድኃኒት ጻፈች፣ የሽሪምፑን ጥያቄ ስትሰማ ግን ሳቀችና «እሱን ኦሪት ጨርሶልናል» አለች። እናቴ አሁንም አልተዋጠላትም። ዓርብ ማታ ልጁ ሕራይሜውን ሲበላ ከጎኑ ተቀምጣ ከንፈሩን ትጠብቃለች።